የጠፋውን ፈልጎ፣ የተገኘውን አዋድዶ ማሳየት

ሙስጠፋ አቡ አሊ እ.ኤ.አ. በ1974 የሠራው «እነሱ የሉም» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ከ25 ደቂቃ አይበልጥም። በደቡብ ሊባኖስ፣ ናባቲየህ ባለው የፍልስጤማውያን መጠለያ አንዲት ልጅ ለተዋጊዎች ከሚላክ ስጦታ ጋር ደብዳቤ ትልካለች። ቆየት ብሎ የእስራኤል አውሮፕላኖች መጠለያውን ይደበድባሉ፤ በዚህ ጊዜ ከፊልሙ የሚሰማው የባኽ ሙዚቃ ነው። ርዕሱ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየር በ1969 ፍልስጤማውያን የሚባል ሕዝብ እንዳልነበረ ለተናገሩት መልስ ነው።

እንዲህ ያሉ ፊልሞችን መርጦ ለተመልካች የሚያቀርብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ፈላጊ መሆን አለበት። አቡ አሊ፣ ሱላፋ ጃዳላህና ሃኒ ጀውሃሪየህ በ1960ዎቹ መጨረሻ አማን ላይ የፍልስጤም ፊልም ክፍልን መሠረቱ። ሃኒ በ1976 ሊባኖስ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነቱን ሲቀርጽ ተገደለ። ቤይሩት የነበረው የፊልም ክምችት ደግሞ ከ1982ቱ የእስራኤል ወረራ ወዲህ ደብዛው ጠፋ። ከጥፋቱ ያመለጠው አብዛኛው ሥራ አስቀድሞ ወደ ውጭ የተላከ ቅጂ ነው። ቶኪዮ ውስጥ የጃፓን ደጋፊዎች ሃያ ያህል ባለ16 ሚሊሜትር ፊልሞችን ለዓመታት ጠብቀው አቆይተዋል፤ ሞሃናድ ያዕቁቢ በ2022 ከእነዚሁ «አር 21» የተባለውን ፊልም ሠራ። የሩቅ አገር ሰው ወዳጅነት እዚህ ላይ ከመፈክር አልፎ ንብረት ጠባቂ ሆኗል።

ፊልሙ ከተገኘ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ከምን ጋር፣ በምን ማብራሪያ ይታይ የሚለው ነው። የቶኪዮ ፊልሞች በዚያው ዓመት በጀርመኗ ካስል ከተማ፣ በዶክመንታ ዐውደ ርዕይ ሲታዩ ብርቱ ክርክር ተነሣ። የባለሙያዎች ቡድን ፊልሞቹ ጸረ አይሁድ ይዘት እንዳላቸው ገልጾ ማሳየቱ እንዲቆም ጠየቀ፤ አሰናጆቹ ግን አሻፈረኝ አሉ። የትግል ዘመን ፊልም የዘመኑን ቁጣም ጥላቻም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ማን፣ መቼ፣ ለማን ብሎ እንደሠራው ለተመልካች መንገር ግዴታ ነው፤ መደበቅ ግን ማስረጃውን ራሱን ያሳጣል።

ኀዘንን ማሳየት ከሁሉ ይከብዳል። የአስከሬን ምስል ሲደራረብ ልብ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ጎበዝ አሰናጅ በከባድ ፊልሞች መካከል ትንፋሽ ይሰጣል፣ ከጨለማው አዳራሽ ወጥቶ መነጋገሪያም ያዘጋጃል።

ራሺድ ማሸራዊ በ2024 ከጋዛ የ22 ፊልም ሠሪዎችን አጫጭር ሥራዎች በአንድ ጥቅል ሲያሰባስብ ያልተጠናቀቀውንም አላስቀረም። ከመካከላቸው «ታክሲ ዋኒሳ» የአንድ ጋሪ ነጂና የአህያው ታሪክ ነው። ታሪኩ በድንገት ይቋረጥና ዳይሬክተሯ ኢዕቲማድ ዊሻህ ራሷ ካሜራው ፊት ትቀርባለች። ወንድሟና ልጆቹ ስለተገደሉ ሥራውን መቀጠል እንዳልቻለች ትናገራለች። ሊሆን የነበረውንም ፍጻሜ በቃሏ ታስረዳለች፦ ነጂው ይሞታል፣ አህያዋም ጋሪውን እየጎተተች ብቻዋን ትመለሳለች።