ከመኖ ጋር የሚዋጡ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች፦ ከጫጩትና ከአይጥ ሙከራዎች የተገኘ ዕውቀት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በማዳበሪያ፣ ከመኖ ጋር በሚቀላቀሉ ዱቄቶችና በምግብ ማሸጊያ ላይ «ናኖ» የሚል ቃል ተጽፎ መታየት ጀምሯል። በሕንድ አገር የገበሬዎች የማዳበሪያ ኅብረት ሥራ ድርጅት በ2021 ዓ.ም. «ናኖ ዩሪያ» የተባለ፣ በቅጠል ላይ የሚረጭ ፈሳሽ ለገበያ አቅርቧል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባሎች «ይህን ነገር ከብት ቢበላው፣ ሰው ቢውጠውስ ምን ያደርጋል?» ብለው የልማት ሠራተኛውን ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኛም እዚህ የምንመለከተው የሚረጨውን ሳይሆን የሚዋጠውን ነው።

አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ናኖ ቅንጣት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ናኖ ሜትር ያነሰው ነው። የአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 50 ናኖ ሜትር የሆኑ ቅንጣቶች በላይዋ ቢደረደሩ 20,000 ያህሉ ይሰለፉባታል። ዋናው ቁም ነገር ግን የቅንጣቱ ማነስ ብቻ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ኩብ የሆነ ጠጣር ነገር ወደ 50 ናኖ ሜትር ኩቦች ቢከፋፈል፣ ክብደቱ ምንም ሳይጨምር ከሌላ ነገር ጋር የሚነካካው ገጹ 20,000 ጊዜ ይበዛል። አሞሌ ሲወቀጥ ቶሎ እንደሚሟሟ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ስለዚህ አንድ ነገር በሻካራነቱ ጉዳት የለውም ተብሎ ከታወቀ፣ ሲደቅም ያው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ሙከራ በአሜሪካ፣ ኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ኢትካ ከተማ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲና በዚያው በሚገኘው የመንግሥት የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተመራማሪዎች በጫጩቶች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመው ነው። የተሰጣቸው 50 ናኖ ሜትር የሆነ ፖሊስታይሪን የተባለ የፕላስቲክ ቅንጣት ሲሆን፣ ይህ ቅንጣት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታሰብ ነው። ተመራማሪዎቹ የተመለከቱት ጫጩቶቹ መሞት አለመሞታቸውን ሳይሆን አንጀታቸው ከምግብ ውስጥ ብረትን ምን ያህል እንደሚመጥ ነው። ብረት የደም ግንባታ ስለሆነ የመጠጡ መጠን ሲጓደል ነገሩ ቀላል አይሆንም።

ቅንጣቱ ለአጭር ጊዜ ብቻ የተሰጣቸው ጫጩቶች የመጠጡት ብረት ምንም ካልተሰጣቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለረዥም ጊዜ የተሰጣቸው ግን እንደ ጤነኞቹ ብረት ሲመጥጡ ታዩ። እዚህ ላይ የቆመ ሰው «ለመዱት፣ ችግሩም አለፈ» ይል ነበር። አንጀታቸው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን በቀጭኑ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ላይ ያሉት፣ ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሰል ጥቃቅን እድገቶች ቅርጻቸው ተለውጦ፣ የሚመጥጡበት ስፋትም ጨምሮ ተገኘ። ሰውነታቸው የጎደለውን ለማካካስ አንጀቱን አሻሽሎ ሠርቷል ማለት ነው። እኛ ከዚህ ሙከራ ትልቁን ትምህርት የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። ጫጩቷ ደኅና ትመስላለች፤ ልኬቱም ደኅና ይላል፤ አንጀቷ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ዶሮ አርዶ አንጀቷን በዓይን በመመልከት ይህን ለማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ማቅለሚያ ነው። በምግብ ማሸጊያ ላይ «ኢ 171» ተብሎ ይጻፋል። ከረሜላና ማስቲካ በብዛት ስለሚገባባቸው፣ በሰውነት ክብደት ሲሰላ ልጆች ከአዋቂዎች የበለጠ ይወስዳሉ። ለማቅለሚያ የሚሠራው ዱቄት ሁሉ ናኖ ባይሆንም ከፊሉ ናኖ ነው።

በቱሉዝ ከተማ የፈረንሳይ ብሔራዊ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ2017 ያሳተመው ሙከራ፣ አይጦች በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደታቸው 10 ሚሊ ግራም ከሚጠጡት ውሃ ጋር ለ100 ቀናት እንዲወስዱ ያደረገ ነበር። ከ11 አይጦች በ4ቱ ትልቁ አንጀት ላይ ወደ ካንሰር ሊያመሩ የሚችሉ ምልክቶች ታዩ። ማቅለሚያው ካልተሰጣቸው አይጦች በአንዱም ላይ አልታየም። ምልክት ማለት ካንሰር ማለት አለመሆኑን ግን የልማት ሠራተኛው አጥብቆ ማስረዳት አለበት።

ከዚህ ጋር የማይስማሙ ሙከራዎችም አሉ። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ባወጣው ጥናት በትልልቅና በትንንሽ የአይጥ ዓይነቶች መኖ ውስጥ በኪሎ እስከ 50 ግራም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ተቀላቅሎ ለ103 ሳምንታት ሲሰጥ ካንሰር አላመጣም። በ2019 የታተመ ሌላ ሙከራም በኪሎ መኖ እስከ 5 ግራም ኢ 171 ለ100 ቀናት ሰጥቶ የቱሉዙን ውጤት አላገኘም። አንደኛው በውሃ፣ ሌሎቹ በመኖ መሰጠታቸው ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ምክንያቱም ቅንጣቱ ከመኖው ጋር ሲጣበቅና በውሃ ተበትኖ ሲዋጥ አንጀት ላይ የሚደርስበት ሁኔታ አንድ አይደለም። በውሃ የሚሰጥ መድኃኒትና በመኖ የሚሰጥ መድኃኒት እኩል እንደማይሠሩ የዶሮ አርቢዎች ያውቁታል።

መንግሥታትም በአንድ አልቆሙም። ፈረንሳይ ከጥር 2020 ጀምሮ ማቅለሚያውን ከምግብ አገደች። በ2021 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን፣ በዘር ቅንጣት ላይ ጉዳት አያደርስም ለማለት ስላልተቻለ ደኅንነቱ አልተረጋገጠም አለ። የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ለእንስሳት መኖ፣ በ2022 ደግሞ ለሰው ምግብ ከለከለው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ ግን በ2023 መርምሮ የመጠን ገደብ እንዲወጣለት አላስፈለገም ሲል ወሰነ። እኛ በበኩላችን ለቀለም ብቻ የሚጨመር፣ ለሚበላው እንስሳ ምንም የማይጠቅም ነገር በመኖ ውስጥ ባይገባ እንመርጣለን።

«ናኖ» የተባለ የመኖ ዱቄት ለማኅበሩ ሲቀርብ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው «እንስሳው ወፍሯል ወይ?» ተብሎ ብቻ አይደለም። በምን ዓይነት እንስሳ፣ ለስንት ቀን፣ በውሃ ነው ወይስ በመኖ ተሞከረ፤ ሳይሰጠው ለማወዳደሪያ የተተወ ቡድን ነበር ወይ፤ አንጀቱስ በማይክሮስኮፕ ታይቷል ወይ? ማሳ ላይ ያለ ማዳበሪያ የሚተወውን መደብ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ጥያቄ በቀላሉ ይረዳዋል። መጠኑም በክብደት ይሰላ። በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ሲባል ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ዶሮ 20 ሚሊ ግራም፣ ለ500 ዶሮዎች በቀን 10 ግራም መሆኑ ነው። ይህን በእፍኝ መስፈር አይቻልም።

መኖውን የሚያቀላቅለው ሰውም ሊታሰብለት ይገባል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2006 ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በትንፋሽ ሲገባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከተባሉት መካከል የመደበው፣ ብናኙን በሳቡ አይጦች ሳንባ ላይ በታየው ውጤት ነው። ዱቄቱ ደጅ፣ ነፋስን ከጀርባ በማድረግ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ መኖውን በጥቂት ውሃ አርሶ ይቀላቀል። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ጆንያ ከመጋዘን ሳይወጣ ለብቻው ይቀመጥ፤ ባዶው ጆንያም እህል መያዣ አይሁን።