ለልጆች የሚሰጥ «የዓሣ ዘይት»፦ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ዘይቶች

በከተሞች በሚገኙ መድኃኒት ቤቶች «የዓሣ ዘይት» በሚል የወል ስም ለልጆች የሚሸጡት ምርቶች ዓይነታቸው ብዙ ነው። ፈሳሽ፣ እንክብልና ከረሜላ መሰል ሆነው የተዘጋጁ ሲሆን፣ ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶች በሻንጣቸው ይዘው የሚያመጡትም ጥቂት አይደለም። ወላጆች የሚገዙበት ምክንያትም የተለያየ ነው። አንዱ የልጁ አጥንት እንዲጠነክር፣ ሌላው በትምህርቱ እንዲጎብዝ፣ ሌላው ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ እንዲከፈት በማሰብ ይገዛል። ይሁንና በዚህ ስም የሚጠሩት ምርቶች በይዘታቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በመሆናቸው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሲሰጥ ልጁ የሚያስፈልገውን ሳያገኝ የማያስፈልገውን በብዛት ሊወስድ ይችላል።

የመጀመሪያው የዓሣ ጉበት ዘይት ነው። በአብዛኛው ኮድ ከተባለው የባሕር ዓሣ ጉበት የሚወጣ ሲሆን፣ ኦሜጋ 3 ከተሰኘው ቅባት በተጨማሪ ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ዲ በብዛት ይዟል። ሁለተኛው እንደ ሰርዲንና አንቾቪ ካሉ ቅባታማ ዓሦች ገላ የሚጨመቅ ዘይት ነው። ይህኛው የሚፈለገው ኢ ፒ ኤ እና ዲ ኤች ኤ ለተባሉት የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ሲሆን፣ አምራቹ ካልጨመረበት በስተቀር ሁለቱ ቫይታሚኖች በውስጡ ይህን ያህል አይገኙም። በመሆኑም ጠርሙሱን አዙሮ «የጉበት» የሚለው ቃል መኖር አለመኖሩን ማየት ከዋጋውም ሆነ ከአምራቹ ስም የሚቀድም ተግባር ነው።

የጉበት ዘይት ዝና የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜላንቢ እ.ኤ.አ. በ1919 በቡችሎች ላይ ባካሄዱት ምርምር ዘይቱ አጥንትን የሚያልፈሰፍሰውን የሪኬትስ በሽታ እንደሚከላከል አሳይተዋል። በ1922 ደግሞ አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለምና ባልደረቦቻቸው ይህን የሚያደርገው ንጥረ ነገር ከቫይታሚን ኤ የተለየ መሆኑን ያረጋገጡ ሲሆን፣ ንጥረ ነገሩ ቫይታሚን ዲ የሚል ስያሜ አግኝቷል። የብሪታንያ መንግሥትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ ዘይቱን ለሕፃናት ያድል ነበር።

በኢትዮጵያም ሪኬትስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የሳንባ ምች ይዟቸው ከነበሩ 500 ሕፃናት መካከል 210 ያህሉ ሪኬትስ እንደነበረባቸው፣ ለንጽጽር ከተመረጡት 500 ሕፃናት ውስጥ ግን በሽታው የተገኘባቸው 20 ብቻ እንደነበሩ አመልክቷል። ፀሐይ በማይጠፋበት አገር ይህ የሚሆነው ሕፃናት ብርድ እንዳይመታቸው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው እየተባለ ተሸፋፍነው በቤት ውስጥ ስለሚውሉ ነው።

በዚህ ረገድ ትልቁ ስህተት በሽታው የታየበትን ሕፃን በዓሣ ጉበት ዘይት በቤት ውስጥ ለማከም መሞከር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ ሪኬትስ የያዘው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በቀን ቢያንስ 2,000 ኢንተርናሽናል ዩኒት ቫይታሚን ዲ ለ3 ወራት መውሰድ ይኖርበታል። የቫይታሚን መጠኑ በፋብሪካ ያልተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ የኮድ ጉበት ዘይት ወደ 450 ዩኒት ቫይታሚን ዲ እና ወደ 1,350 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ኤ ይይዛል። የተባለውን መጠን ከዘይቱ ለማግኘት ከአራት ማንኪያ በላይ ያስፈልጋል ማለት ሲሆን፣ ሕፃኑ አብሮ የሚወስደው ቫይታሚን ኤ በቀን 6,000 ማይክሮ ግራም ይደርሳል። በአሜሪካ የተወሰነው የቫይታሚን ኤ የቀን ጣሪያ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ላሉ 600፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉ 900 ማይክሮ ግራም ነው። ሕክምናው ቫይታሚን ዲ ብቻውን በያዘ መድኃኒት፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ለመከላከልም ቢሆን በቀን 400 ዩኒት የሚሰጥ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ከጉበት ዘይቱ ይመረጣል።

ቫይታሚን ኤ በጉበት ውስጥ የሚከማች እንጂ ሲበዛ በሽንት የሚወገድ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ከመጠን በላይ ሲወሰድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የአጥንት ሕመምና የጉበት ጉዳት የሚያስከትል ሲሆን፣ በሕፃናት ላይ እርግብግቢት እስከ ማሳበጥ ይደርሳል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ በዘመቻና በጤና ተቋማት ቫይታሚን ኤ የሚሰጣቸው መሆኑ ሲታሰብ፣ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ይሆናል። ይህ አገልግሎት ጠቃሚ በመሆኑ ሊቀር አይገባውም፤ ሊቀር የሚችለው በቤት ውስጥ በየዕለቱ የሚጨመረው የጉበት ዘይት ነው። ወላጅ ዘይቱን መስጠት ከመጀመሩ በፊት የልጁን የጤና ካርድ ይዞ ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል።

ለትምህርት ተብሎ የሚገዛው ሁለተኛው ዓይነት ነው። በዚህም ቢሆን ማስታወቂያው ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ7 እስከ 9 ዓመት በሆኑ 362 ተማሪዎች ላይ በቀን 600 ሚሊ ግራም ዲ ኤች ኤ ለ16 ሳምንታት መውሰድ የሚያስገኘውን ውጤት ፈትሸው፣ በንባብ እጅግ ወደኋላ በቀሩት ልጆች ላይ መሻሻል ማየታቸውን እ.ኤ.አ. በ2012 አስታውቀው ነበር። ሆኖም በ376 ልጆች ላይ ደግመው ያካሄዱትና በ2018 የታተመው ጥናት ያንኑ ውጤት አላስገኘም። ጤነኛና የተመጣጠነ ምግብ የሚያገኝ ልጅ በእንክብል ምክንያት ደረጃው ከፍ ይላል ብሎ ከወር ደመወዝ ላይ መቀነስ የሚያዋጣ አይመስልም።

ቢገዛም በጠርሙሱ ፊት የተጻፈው ቁጥር አሳሳች መሆኑን ማወቅ ያሻል። «1,000 ሚሊ ግራም የዓሣ ዘይት» የሚል እንክብል በተለመደው አሠራር 180 ሚሊ ግራም ኢ ፒ ኤ እና 120 ሚሊ ግራም ዲ ኤች ኤ፣ በድምሩ 300 ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ የቀረው ሌላ ቅባት ነው። በከረሜላ መልክ በሚሸጡት ውስጥ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከዚህም እጅግ ያነሰ ከመሆኑም በላይ ስኳር ይታከልበታል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ምክር ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉ በቀን 100 ሚሊ ግራም ዲ ኤች ኤ፣ ከዚያ በላይ ላሉ ልጆች ሁለቱ ተደምረው 250 ሚሊ ግራም ይበቃል ብሏል። ዋጋ መወዳደር ያለበት በዚህ መጠን እንጂ በእንክብሉ ብዛት አይደለም።

ይህን መጠን ከምግብ ማግኘትም ይቻላል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ዲ ኤች ኤ የሚያገኘው ከእናቱ ወተት በመሆኑ እናቲቱ ዓሣ ብትመገብ ይጠቅማል። ከሐይቆቻችን የሚወጡት ቆሮሶና አምባዛ እንደ ሳልመን ቅባታማ ባይሆኑም በፕሮቲን የበለጸጉ ናቸው፤ ኦሜጋ 3 ፈጽሞ የላቸውም ማለትም አይደለም። የተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ከዕፅዋት የሚገኝ ኦሜጋ 3 ነው፤ ሰውነት ግን ከዚህ ወደ ዲ ኤች ኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። የኑግ ዘይት በአብዛኛው ኦሜጋ 6 በመሆኑ ለዚህ ዓላማ አይተካም። የእንስሳት ተዋጽኦ ለማይመገብ ቤተሰብ ከባሕር አልጌ የሚዘጋጅ ዲ ኤች ኤ ያለ ሲሆን፣ ከላይ በተጠቀሰው የኦክስፎርድ ጥናት ጥቅም ላይ የዋለውም ይኸው ነው። የእንክብሉ ልባስ የሚሠራበት ጄላቲን ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል በክርስትናም ሆነ በእስልምና እምነት ምክንያት ይህን የሚጠነቀቁ ወላጆች ምንጩን ማንበብ ይኖርባቸዋል።

አሰጣጡም የራሱ ጥንቃቄ አለው። እያለቀሰ ያለን ሕፃን አፍንጫ ይዞ ዘይት መጋት ዘይቱ ወደ ሳንባ ገብቶ ለከባድ የሳንባ ሕመም እንዲዳርገው ያደርጋል። ትንንሽ ልጆች እንክብሉ ሊያንቃቸው ስለሚችል ፈሳሹ ይሻላል። የዓሣ አለርጂ ያለባቸው ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች ደግሞ ያለሐኪም ፈቃድ ሊሰጣቸው አይገባም።

የዓሣ ዘይት በሙቀት፣ በብርሃንና በአየር በቀላሉ የሚበላሽ ነው። በሻንጣ ተይዞ ረጅም መንገድ የመጣ ጠርሙስ የተቆጣጣሪውን አካል ፍተሻ ካለማለፉ ሌላ በመንገድ በሙቀት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። በጥቁር ጠርሙስ የታሸገ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያልተቃረበና አነስተኛ መጠን ያለው ቢመረጥ፣ ከተከፈተ በኋላም በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ይመከራል። የብርቱካንና የሎሚ ማጣፈጫ የመበላሸት ሽታን ስለሚደብቅ፣ ወላጅ ለልጁ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ጥቂት ቢቀምስ መልካም ነው፤ የሚመርና የቆየ ዘይት ጠረን ያለው ከሆነ መጣል አለበት።