የመርሳዋ ሙዳይ ባለቤት ማን ነው?

ለስጦታ የሚሆን ነገር ፍለጋ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ የባህል ዕቃ መደብር ጎራ ብዬ ነበር። ዓይኔ ከመደርደሪያው ላይ ካለች አንዲት ሙዳይ ላይ አረፈ። ወገቧ በቀይና በጥቁር አለላ ተሰፍቷል፤ ክዳኗ በዛጎል ተከቧል፤ ከጫፏም የጨሌ ድርድር ተንጠልጥሏል። አገላብጬ ሳያት ከሥሯ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎባታል። ወረቀቱ ዲዛይኑ የመደብሩ መሆኑንና መቅዳት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ይገልጻል።

እኔ ደግሞ ይህችን ሙዳይ አውቃታለሁ። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በገበያዋ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከሚሸጠው ስፌት መካከል እንዲህ ያለ ጥለት ያለው ሞልቷል። አንድ ጊዜ እዚያው ገበያ አንዲት ባልቴት አጠገብ ቁጭ ብዬ «እናቴ፣ ይኼን አሰፋፍ ማን አስተማረዎት?» ስል ጠየቅኋቸው። «ማን ያስተምረኛል ልጄ፤ የእናቴ እጅ ነው። እሷም ከእናቷ ነው ያየችው» አሉኝ።

እንግዲህ በአንድ በኩል የተለጠፈ ወረቀት፣ በሌላ በኩል «የእናቴ እጅ ነው» የሚል ቃል አለን። ሕጉ የትኛውን ይሰማል? ጥያቄው ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ስፌት ለገጠሯ ሴት ከእርሻው ጎን የምትይዘው የራሷ ገቢ ነው። ዕቃው በማን ስም ይሸጣል የሚለው ትርፉ ወደ ማን ኪስ ይገባል ከሚለው ጋር አንድ ነው።

ከየት የመጣው የማን ነው?

በመጀመሪያ ዕቃውን እንየው። የስፌት ጥሬ ዕቃው ሣር ነው፤ ስንደዶና አክርማ። ሣሩ በወቅቱ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከፊሉ ቀለም ይነከርና አለላ ይባላል። ሰፊዋ ከእምብርቱ ትጀምርና ሣሩን እየጠቀለለች፣ በወስፌ እየወጋች ዙሩን ታሰፋዋለች። ንድፍ የሚባል ወረቀት የለም። ስንተኛው ዙር ላይ ቀዩ ገብቶ ስንተኛው ላይ ጥቁሩ እንደሚወጣ የምትቆጥረው በጭንቅላቷ ነው። አንድ መሶብ ከነክዳኑ እስኪያልቅ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

ዛጎሉና ጨሌው ግን የወሎ አፈር ያበቀላቸው አይደሉም። ዛጎል ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣ የባሕር ፍጥረት ቅርፊት ነው። የብርጭቆ ጨሌም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቬኒስና ከቦሂሚያ ፋብሪካዎች ተነስቶ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች አልፎ ወደ አገር ውስጥ ይገባ ነበር። የአፋር ቆላና የወሎ ደጋ የሚገናኙበት የባቲ የሰኞ ገበያ ዛሬም ድረስ የጨሌ፣ የድሪና የአምባር መገበያያ በመሆን ይታወቃል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ጨሌው የውጭ ከሆነ የእኛ የሚባለው ምኑ ነው?» ይላል። መልሱ ቀላል ነው። ሸክላው የማንም ይሁን፣ ቤቱ የአናጢው ሙያ ነው። ጨሌው ከቬኒስ ቢመጣም በሙዳይ ክዳን ዙሪያ በዚህ ቅደም ተከተልና በዚህ ቀለም መደርደሩ የሰፊዋ ነው። ሕጉም ቢሆን ጥበቃ የሚያደርገው ለጥሬ ዕቃው ሳይሆን በላዩ ላይ ለታየው የፈጠራ ውጤት ነው።

ሦስት ሕጎች፣ ሦስት በሮች

አገራችን በዚህ ረገድ ሕግ የላትም የሚባለው ትክክል አይደለም። ጉዳዩን ከሕገ መንግሥቱ እንጀምር። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 2 ንብረትን ሲተረጉም በእጅ በሚዳሰሰው አይወሰንም፤ በጉልበት ወይም በመፍጠር ችሎታ የተገኘ፣ የማይዳሰስም ቢሆን ዋጋ ያለውን ውጤት ይጨምራል። ከዚህም አልፎ ማኅበረሰቦች በሕግ ተለይተው ሲፈቀድላቸው በጋራ የንብረት ባለቤት ሊሆኑ እንደሚችሉ ይናገራል። አንቀጽ 41 ደግሞ የባህል ቅርሶችን መጠበቅንና ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ ማድረግን የመንግሥት ኃላፊነት ያደርጋል። መሠረቱ አለ ማለት ነው። ወደ ዝርዝሩ ስንገባ ግን ሦስት በሮች እናገኛለን።

የመጀመሪያው በር የቅጂ መብት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ ሆኖ እስከተገኘ ድረስ ለአመንጪው መብት ይሰጣል። ጥበቃው አመንጪው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። መብቱን ለማግኘት ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ችግሩ የዘመናት ጥለት አመንጪው በስም አይታወቅም፤ ቢታወቅም ጊዜው አልፏል። የአሰፋፍ ዘዴውም ለብቻው ጥበቃ አያገኝም፤ የቅጂ መብት ዘዴንና ሐሳብን አይሸፍንምና።

ሁለተኛው በር የኢንዱስትሪ ንድፍ ነው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 አዲስ የሆነና ተግባራዊ ጥቅም ያለው ንድፍ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ጥበቃው ለ5 ዓመት ሲሆን ሁለት ጊዜ እየታደሰ እስከ 15 ዓመት ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ቁልፉ ቃል «አዲስ» የሚለው ነው። የመርሳዋ ባልቴት ከእናታቸው ያዩት ጥለት አዲስ ስላልሆነ ሊያስመዘግቡት አይችሉም። ነገር ግን በዚያው ምክንያት የአዲስ አበባው መደብርም አይችልም። በመሆኑም ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያስፈራራ፣ በዚያ ጥለት ላይ የሕግ ጉልበት የለውም። መደብሩ በእርግጥ አዲስ ነገር ጨምሮ ከሆነ ጥበቃ የሚያገኘው ለጨመረው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ነገር አለ። የእጅ ሥራ ሁሉ የተወረሰ አይደለም። ዛሬ ወልድያ ውስጥ አንዲት ወጣት የጨሌ አደራደሩን ቀይራ፣ ማንም ያልሠራውን ጥለት ብታወጣ እሷ አመንጪ ናት። የቅጂ መብት አላት፤ ንድፉንም ማስመዝገብ ትችላለች። እኛ ግን «የባህል ዕቃ ነው» ብለን ስሟን እናጠፋዋለን። ሥዕል የሠራውን ሠዓሊ እንላለን፣ ስሙንም ከሥዕሉ ግርጌ እንፈልጋለን። ሙዳይ የሰፋችውን ግን «ስፌት ሰፊ» ብለን ማንነቷን አንጠይቅም።

ልማዱ ቆየት ያለ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንደሚቀጣ አዋጅ ያወጡት ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን የሚያንቋሽሽ ልማድ ሥር ሰዶ ስለነበረ ነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል። ስም አለመጥራቱ ግን እንዳለ ነው።

ሦስተኛው በር

ሦስተኛው በር የንግድ ምልክት ነው፤ ለመርሳና ለወልድያ ሰፊዎች ይበልጥ የሚጠቅመውም እርሱ ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 501/1998 ከግል የንግድ ምልክት ሌላ የወል የንግድ ምልክትን ይፈቅዳል። ይህም በአንድ ማኅበር ባለቤትነት ተመዝግቦ አባላቱ ሁሉ በምርታቸው ላይ የሚጠቀሙበት ምልክት ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። እንደ ንድፉ 15 ዓመት ላይ አይቆምም። ጥለቱ አዲስ ይሁን አሮጌ ጥያቄ አይነሳም፤ የሚጠበቀው ጥለቱ ሳይሆን ስሙና ምልክቱ ነውና።

ይህ መንገድ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ ማመልከቻ አቀረበ። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተፈጠረው ውዝግብ ዓለምን ካነጋገረ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጨ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቡናውን ማንም ሊያበቅል ይችላል፣ ስሙ ግን ባለቤት ነበረው።

በዕደ ጥበብ በኩል ደግሞ ስኮትላንዳውያን ይቀድማሉ። ሃሪስ ትዊድ የሚባለው የሱፍ ጨርቅ ምልክት የተመዘገበው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ደግሞ በዚያ ስም የሚሸጠው ጨርቅ በውጨኛዎቹ ሄብሪዲስ ደሴቶች፣ በነዋሪዎቹ ቤት ውስጥ በእጅ የተሸመነ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የእኛዋ ሸማኔና ሰፊም የምትሠራው ቤቷ ውስጥ ነው። ልዩነቱ የእነርሱ ቤት ውስጥ ሥራ ሕግ ያለው መሆኑ ነው። በአሜሪካም የናቫሆ ሕዝብ ስሙን ያለ ፈቃድ ተጠቅሞብኛል ያለውን ኧርባን አውትፊተርስ የተባለ የልብስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሶ፣ ጉዳዩ በ2016 በስምምነት አልቋል። ናቫሆዎች ለክሱ የቆሙበት ዋና መሠረት የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነበር።

«ዓለም አቀፍ ስምምነት ቢጠበቅስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተቀበለችው የዩኔስኮ የኢንታንጀብል ባህላዊ ቅርስ ስምምነት ባህላዊ ዕደ ጥበብን በስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ዓላማው ቅርሱ እንዳይጠፋ መንከባከብ እንጂ ለሰፊዋ የባለቤትነት መብት መስጠት አይደለም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ጄኔቫ ላይ ያጸደቁት ስምምነትም ስለ ጀነቲክ ሀብትና ከእርሱ ጋር ስለተያያዘ ባህላዊ ዕውቀት እንጂ ስለ ጥለትና ስለ ስፌት የሚናገር አይደለም። በእጃችን ያለውን ትተን የሩቁን ብንጠብቅ የሚጎዱት ሰፊዎቹ ናቸው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማኅበር ይቅደም። የወል ምልክት ያለ ማኅበር አይኖርም። ነጠላ ሰፊ ጠበቃ ልታቆም አትችልም፤ የሕግ ሰውነት ያለው ማኅበር ግን ሊከስም ሊደራደርም ይችላል።

ሁለተኛ፣ ምልክቱ ደንብ ይኑረው። ከምን ሣር፣ የት፣ በማን እጅ የተሰፋ ነው ምልክቱ የሚለጠፍበት? ይህ ካልተወሰነ ነጋዴው ሌላ ቦታ የተሰፋውን አምጥቶ ይለጥፍበታል። በተጨማሪም የቦታ ስም ብቻውን ለምዝገባ ሊያስቸግር ስለሚችል ከሥዕላዊ ምልክት ጋር ቢቀርብ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ጥለቶቹ ፎቶ ይነሱ፤ ቦታና ቀን ይጻፍባቸው። ይህ ለሙዚየም ብቻ የሚጠቅም ሥራ አይመስልም? አይደለም። አንድ ነጋዴ የቆየውን ጥለት «አዲስ ንድፍ» ብሎ ለማስመዝገብ ቢሞክር፣ አዲስ አለመሆኑን የሚያስረዳው ይኸው ማስረጃ ነው። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ገበያ ቢያሰማራ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይሆንም።

አንድ ስጋት ግን መነሳት አለበት። ይህ ጥለት የየጁ ነው፣ የራያ ነው፣ የደሴ ነው የሚል ንትርክ እንዳያስነሳስ? ስጋቱ ተገቢ ነው። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ደጋውና ቆላው አንድ ገበያ የሚገናኝበት አገር ነው፤ ጥለትም እንደ ሰው ተጋብቷል። የወል ምልክትን የምመርጠው ለዚህም ጭምር ነው። ማንንም ከመስፋት አይከለክልም። የሚከለክለው በሰፊዎቹ ስም ያለ ፈቃዳቸው መነገድን ብቻ ነው።

ጊዜውም ይህን እንድናስብበት ያስገድዳል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢው በጦርነት ውስጥ ወደቁ፤ ቤት ንብረትም ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ደግሞ በወልድያ በኩል ወደ ላሊበላ ይሄድ የነበረውን ጎብኚ አራቀው። ገዢው ሲርቅ ሰፊዋ ዋጋ የመከራከር አቅም ታጣለች፤ ለመጣው ነጋዴ ባለው ዋጋ ትሸጣለች። ሰላም ወርዶ ገዢው ሲመለስ ዕቃው በማን ስም እንደሚጠብቀው ከአሁኑ ካልተወሰነ፣ ትርፉ ያለ ምንም ክርክር ለባለ ወረቀቱ ይሆናል።

ያችን ሙዳይ ገዛኋት፤ እንደሌሎቹ ስጦታዎች ግን አልሰጠኋትም። ሻጩን «የት ነው የተሰፋችው?» ብለው «ኧረ እኔ እንጃ፣ ከነጋዴ ነው የምንረከበው» አለኝ። ዲዛይኑ የቤቱ ነው የሚለው ወረቀት ግን ከሥሯ እንደተለጠፈ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ሙዳይ ወይም መሶብ ስትገዙ ይህንኑ ጠይቁ። ጠያቂ ሲበዛ መልስ ያለው ዕቃ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዋጋው ከፍ ሲል ደግሞ መርሳ ላይ መሬት ተቀምጠው የሚሸጡት እናት ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት ምክንያት ይኖራቸዋል።

ቸር ይግጠመን።