ገብስማ ፍለጋ ሾላ

የፋሲካ ዋዜማ ሾላ ገበያ ገብቶ አውራ ዶሮን በክብደቱ ሳይሆን በአንገቱ የሚመርጥ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ዶሮውን በእግሩ አንጠልጥሎ ይመዝናል፣ ደረቱን ይዳስሳል። እኔ የአንገቱን ላባ በጣቴ እየገለበጥኩ ወደ ፀሐይ አዞራለሁ። ዘንድሮ «ገብስማ የለሽም?» ብዬ ስጠይቅ ሻጯ ቀና ብላ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማነው ያዘዘህ?» አለችኝ። ከጠንቋይ ቤት የተላክሁ መስሏታል። አልፈርድባትም፤ ቀለም ቆጥሮ ዶሮ የሚፈልግ ሰው ሌላ ምን ጉዳይ ይኖረዋል? ለዓሣ ማጥመጃ ነው ብላት ደግሞ ነገሩ ባሰ። «ዓሣ ዶሮ ይበላል?»

አይበላም። ከናንተም ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ይህንኑ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ትራውት የሚባለው ዓሣ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ፣ ወይብን በመሳሰሉ ወንዞች ተለቀቀና እዚያው ተዋለደ። የሚወደው ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ወራጅ ውሃ ነው፤ የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨንቀዋል። ዲንሾ አካባቢ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ተስማምቶታል። ወይብ ማለት ወደ ታች ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ የሚያልፈው ያው ወንዝ ነው፤ ትራውቱ ግን ብርዱን ትቶ ወደ ቆላ አይወርድም።

ቆሮሶም አምባዛም በትል ወይም በሊጥ ይያዛል። ትራውት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነፍሳት ሲለቅም የሚውል ዓሣ ነው፤ ድንጋይ ስር የሚኖሩትን፣ ክንፍ አውጥተው ወደ ላይ የሚወጡትን፣ ውሃ ላይ የሚወድቁትን። እነዚህ ደግሞ መንጠቆ ላይ ቢሰኩ የሚፈርሱ ቀጫጭን ፍጥረቶች ናቸው። ስለዚህ ሰው በላባና በክር አስመስሎ ይሠራቸዋል፤ «ዝንብ» የምለው ይህንኑ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። የዛሬ 1800 ዓመት ገደማ ኤሊያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ መቄዶንያ ውስጥ አጥማጆች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ የተነጨ ሁለት ላባ ጨምረው ዓሣ እንደሚያታልሉ ጽፏል። ሱፍ፣ ላባ፣ መንጠቆ፤ እስካሁንም ከዚህ ብዙ አልራቀም።

እነዚያን ነፍሳት ለማየት ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ቤቴ የካ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። የቀበና ወንዝ ከቤቶቹ በላይ፣ ገና ባሕር ዛፉ ውስጥ እያለ፣ የሚጠጣ የሚመስል ውሃ ነው (አትጠጡት)። አንድ ድንጋይ ስትገለብጡ ከስሩ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ጭራዋ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቡናማ ነገር ስትሸሽ ታያላችሁ። ካደገች በኋላ ክንፍ አውጥታ ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ የምትበር ነፍሳት ነች። ወደ ታች ወርዳችሁ ቆሻሻው የተቀላቀለበት ቦታ ድንጋይ ብትገለብጡ እሷን አታገኟትም። እዚህ ትራውት የለም፤ እኔ የምወጣው የነፍሳቷን ልክና መልክ ለማየት ነው። መጀመሪያ ስሠራ የበግ ቅማል የሚያህል ወፍራም ነገር ነበር የማወጣው፤ ድንጋይ መገልበጥ ከጀመርኩ ወዲህ ነው የቀጠነልኝ።

አሁን ወደ ዶሮው። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ከአገዳው ግራና ቀኝ የሚወጣው ፀጉርም ጠንካራ ነው። መንጠቆ ላይ ዞሮ ሲታሰር እንደ ብሩሽ ይቆምና ዝንቧን ውሃ ላይ ያንሳፍፋታል። የሴቷ ላባ ለስላሳ ነው፤ ውሃ ይጠጣና ይሰምጣል፣ ወራጁ በነካው ቁጥር ይተነፍሳል። ተንሳፋፊ ከፈለጋችሁ አውራ፣ ሰማጭ ከፈለጋችሁ ሴት። የፈረንጅ ዶሮ አይሆንም፤ ላባው ሳይበስል በጥቂት ሳምንት ነው የሚታረደው። የሐበሻ አውራ ግን ዓመት ጓሮ ሲዞር የከረመ ጌታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአንገት ላባቸው ብቻ የሚረቡ አውራ ዶሮዎች አሉ፤ «ግሪዝሊ» እያሉ የሚያንቆለጳጵሱት ጥቁርና ነጭ ላባ ከኛ ገብስማ ጋር የቅርብ ዘመድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1922 ሚሺጋን ውስጥ ሌን ሃላዴይ የሚባል ሰው የሠራት «አዳምስ» የምትባል ዝነኛ ዝንብ አለች፤ አንገቷ የቀይና የግሪዝሊ ድብልቅ ነው። ማለትም ከሾላ አንድ ቀይ፣ አንድ ገብስማ።

አንድ ነገር አደራ፦ ላባው ዶሮው በፈላ ውሃ ሳይነከር በደረቁ ይነጭ። ከተነከረ በኋላ ተጣብቆና ተጣሞ አይረባም። በዚህ ጉዳይ ከእማዬ ጋር በየበዓሉ እንጣላለን። ውሃው ፈልቶ፣ ሽንኩርቱ እየተቁላላ፣ እኔ የታረደ ዶሮ አንገት ይዤ አንድ አንድ ላባ ስመርጥ «አንተ ልጅ፣ ሞዠቅ አድርገህ አምጣው!» ትለኛለች። ላባውን ጥላ ላይ አድርቄ፣ ቅንቅን እንዳይገባበት በፌስታል ቋጥሬ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አሳድረዋለሁ። ይሄም ሌላ ጠብ ነው።

የቀረው ዕቃ ቀላል ነው። መንጠቆ ቁጥር 12 ወይም 14፤ ይህን ከውጭ በሚመጣ ሰው አስልኩ። ትንሽ ሞርሳ ከምናለሽ ተራ። ቀጭን የልብስ ስፌት ክር። የጧፍ ቁራጭ፤ ክሩ በሰም ካልታሸ ይንሸራተታል። ከሞተር ጠምጣሚ ቤት የተጣለ ፀጉር የመሰለ የመዳብ ሽቦ። ቡናማ ሱፍ ክር። የእህታችሁ ጥፍር ቀለም፣ ቀለም የሌለው።

የምጀምርባትና የማስጀምርባት ሰማጯ ነች። መንጠቆውን ጎባጣው ላይ በሞርሳው ያዙ፤ ቀዳዳው ወደ ቀኝ ይሁን። ክሩን ከቀዳዳው ትንሽ ወደ ኋላ ጀምሩና ጎን ለጎን እየጠመጠማችሁ እስከ ጎባጣው ውሰዱ። እዚያ ሽቦውንና ሱፉን እሰሩ፣ ክሩን ወደ ፊት መልሱ። ሱፉን ሳሳ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፤ ከቀዳዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀር ቁሙ። ሽቦውን በላዩ ላይ አራት አምስት ጊዜ አዙሩበት፣ ሆዷ ቀለበት ቀለበት ይኖረዋል፣ ክብደትም ይጨምርላታል። ከዚያ ከሴት ዶሮ አንድ ላባ፤ ከስሩ ያለውን ጥጥ የመሰለ ነገር ንጩና ጣሉት። ላባውን በጫፉ እሰሩ፣ አገዳውን ይዛችሁ ሁለቴ አዙሩ። ሁለቴ! ሦስተኛው ዙር ሲያምራችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ላባ የበዛባት ዝንብ ዶሮ ነው የምትመስለው። ፀጉሩን በጣታችሁ ወደ ኋላ አስተኝታችሁ ፊቱን በክር እሰሩ፣ ሦስት ቋጠሮ፣ አንድ ጠብታ ጥፍር ቀለም፣ በቃ።

ያቺ ሁለት ሚሊ ሜትር ዋዛ እንዳትመስላችሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ባሌ ስሄድ ሃያ ዝንብ ሠርቼ ነበር፤ የሁሉም ቀዳዳ በክርና በጥፍር ቀለም ተደፍኗል። ማለዳ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ወይብ ዳር ቆሜ ናይለኑን ለማስገባት በመርፌ እየጎረጎርኩ ሁለት ሰዓት አለፈኝ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ መርፌውን ተቀበለኝና ሦስቱን ከፈተልኝ።

በነዚያ ሦስት ነው የያዝኩት። ውድ ዘንግ አልነበረኝም፤ አራት ሜትር የሚሆን ቀርከሃ፣ ጫፉ ላይ የታሰረ ክር፤ ጃፓኖች በተራራ ወንዞቻቸው ከጥንት የሚያጠምዱትም እንዲሁ ነው። ዝንቧን ወደ ማዶ ጥላችሁ ወራጁ ራሱ እያዞረ ወደ እናንተ ዳር ያምጣት፤ አትጎትቱ። ዙሯን ልትጨርስ ስትል ነው የሚነክሳት። የያዝኩት ከእጄ መዳፍ ብዙም አይበልጥም ነበር፣ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር አለው። መልሼ ለቀቅሁት። ፈቃድ ዲንሾ ካለው የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ ወንዙ ዳር እንዳትቆሙ።

የቆቅ ላባስ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ አዎ፣ ለሰማጭ ዝንብ የቆቅ ዘመዶች ላባ በጣም ጥሩ ነው፤ እንጦጦ ላይም ቆቅ ማለዳ ስትጮህ ትሰማላችሁ። ትጩህ፣ ተዉአት። ወድቆ ካገኛችሁ አንሱ። ዶሮው ይበቃል።

እንቁጣጣሽ እየመጣ ስለሆነ አንድ ልመና አለኝ። የካ አካባቢ ያላችሁ፣ ፈረንሳይም ኮተቤም፣ ዶሮውን ከመንከራችሁ በፊት ደውሉልኝ። አንገቱን ብቻ በደረቁ ነጭቼ እመልስላችኋለሁ። የላባው ቀለም ልበ ወርቅ ከሆነ ቡና ይዤ እመጣለሁ፤ ገብስማ ከሆነ ደግሞ ሽንኩርቱንም እከትፋለሁ።