ለአጥንት የሚሰፋ ማኅደር

በገዳማትና በአድባራት ዕቃ ቤት የብራና መጻሕፍት ከግድግዳ ችካል ላይ ተንጠልጥለው ይገኛሉ። ከሩቅ የሚታየው ማኅደሩ ብቻ ነው፤ ከቆዳ የተሰፋ፣ ማንገቻ ያለው፣ ክዳኑ ከላይ የሚጠለቅ። ሰፊው አስቀድሞ መጽሐፉን ስለሚለካ ለአንዱ ዳዊት የተሠራው ማኅደር ለሌላው ወይ ይጠብበታል ወይ ይሰፋበታል። የሙዚየም ባለሙያዎች ለቅሪተ አካል የሚሠሩትን ሳጥን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ያም ሳጥን የሚሠራው ለአንድ አጥንት ነው፤ የዚያን አጥንት ቅርፅ፣ ክብደት፣ ስንጥቅና ደካማ ጎን ተመልክቶ።

ብዙ ሰው ቅሪተ አካል ሲባል ድንጋይ የሆነ አጥንት ይታየዋል፤ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ምን ይሰብረዋል? እርግጥ ነው፣ የከርሰ ምድር ውኃ ያመጣው ማዕድን በአጥንቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይጠጥራል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ነገር ግን ትኩስ አጥንት ጫና ሲያርፍበት ጥቂት ተለምጦ እንዲመለስ የሚያደርገው ፕሮቲን አብዛኛው ጠፍቷል። የቀረው ከባድ ሆኖ ተሰባሪ ነው። ጠባዩ ወደ ሸክላ ዕቃ ያደላል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ሚሊዮን ዓመታት እንዴት ቆየ? አፈሩ ስላቆየው ነው። ጥንታዊቷን የሰው ዘር ቅሪት ድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል የያዛት የሐዳር አፈር ከሥርም ከጎንም ከላይም እኩል ደግፏት ነበር፤ ብርሃን አያገኛትም፣ አየሩም አይለዋወጥባትም። አደጋው የጀመረው ጎርፍ አፈሩን ሸርሽሮ ብቅ ሲያደርጋት ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ባያገኟት ኖሮ ያው ጎርፍ ቀስ በቀስ ይበትናት ነበር። እንግዲህ የሳጥን ሠሪው ሥራ አፈሩ ይሠራ የነበረውን ሁለት ነገር መተካት ነው፤ ክብደቱን ከየአቅጣጫው መሸከምና አየሩን ማርጋት። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ዝርዝር ነው።

የአጥንት ተሰባሪነት የት ድረስ እንደሚሄድ አርዲ የምትባለው ሌላዋ ጥንታዊ የሰው ዘር ቅሪት ታሳያለች። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ይህችን ቅሪት እ.ኤ.አ. በ1994 በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ ላይ የመጀመሪያዎቹን የእጅ አጥንቶች አይቶ ያገኘው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ነው። አጥንቶቹ የተጨፈለቁና ሲነኳቸው የሚፈረካከሱ ነበሩ። ስለዚህ በቲም ዋይት የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን እዚያው በረሃ ላይ አጥንቱን ከአፈሩ ለመለየት አልታገለም፤ ከነአፈሩ እንደ ጓል ቆርጦ በጀሶ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ወዳለው ብሔራዊ ሙዚየም አመጣው። የተሰበረ እግር በጀሶ እንደሚታሰረው ማለት ነው። ከዚያ እነ ቲም ዋይት በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌና በብሩሽ አፈሩን ሲለቅሙ ዓመታት ፈጀባቸው፤ ዋናው ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ያ የጀሶ ጥቅል የአርዲ የመጀመሪያ ሳጥን ነበር ማለት ይቻላል፤ ከአፈር ወደ መሳቢያ ያሻገራት እሱ ነውና።

ሙዚየም ከገባ በኋላ ግን ጉዳቱ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ይጠራቀማል። በጠፍጣፋ መሳቢያ ላይ ያለ ምንም ደጋፊ የተቀመጠ የጭን አጥንት ሙሉ ክብደቱን የሚያሳርፈው በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ላይ ነው። መሳቢያው በተሳበ ቁጥር ትንሽ ይንከባለላል፤ ሲዘጋም ይመለሳል። ይህ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት። ከዓመታት በኋላ መሳቢያው ሥር የሚገኘው ደቃቅ ዱቄት አቧራ ይመስላል፤ ከፊሉ ግን ራሱ አጥንቱ ነው።

የሚጠፋው ደግሞ ዱቄት ብቻ አይደለም። ቅሪተ አካል ላይ ያለ ጭረት ሁሉ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ከዲኪካ የተገኙ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቆጠሩ ሁለት የእንስሳ አጥንቶች በድንጋይ መሣሪያ የተቆረጡበት ምልክት አለባቸው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም ሌሎች ተመራማሪዎች የለም፣ እንስሳት ረግጠውት የተጫጫረ ነው ብለው ሞገቱ። ክርክሩ በሙሉ የቆመው በጥቃቅን ጭረቶች ቅርፅ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አጥንት ላይ መሳቢያው አዲስ ጭረት ቢጨምርበት የጠፋው ማስረጃ በምንም አይመለስም። ሳጥን መሥራት ከሳይንሱ ሥራ እኩል የሚታየኝ በዚህ ምክንያት ነው።

አጥንቱን በለስላሳ ነገር እንጠቅልለው የሚለው ሐሳብ ወዲያው ይመጣል፤ ብዙ ስህተትም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ጥጥ ለስላሳ ነው፤ ግን ክሩ በአጥንቱ ሻካራ ገጽና በስንጥቁ ጠርዝ ላይ ይያዛል፤ ጥጡን ሲያነሱት ፍርፋሪ አብሮ ይነሳል። ከፍራሽ ቤት የሚገዛው ስፖንጅ ደግሞ የባሰ ነው። ይህ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ዓይነት ነው፤ አዲስ ሲሆን እጅን ያባብላል፤ ጊዜ ሲያልፍ ግን ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል ወይም ይጣበቃል፣ በመጨረሻም እንደ ፍርፋሪ ይረግፋል። አሮጌ የስፖንጅ ትራስ ቀዶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ያ ተጣባቂ ፍርፋሪ የአጥንት ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ራሱ ሌላ ጉዳት ነው።

ባለሙያዎች የሚመርጡት ከፖሊኢታይሊን የተሠራ ጠንከር ያለ ፎም ነው፤ ኢታፎምና ፕላስታዞት በሚባሉ የንግድ ስሞች ይታወቃል። በውስጡ ያሉት የአየር ከረጢቶች ዝግ ስለሆኑ ውኃ አይመጥጥም፤ ለረጅም ጊዜም ጠባዩን አይለውጥም። በእጅ ሲነኩት ከስፖንጁ ይልቅ ይጠነክራል፤ ይህም ጥቅም ነው፤ ከባድ አጥንት እስከ ታች ሰምጦ የሳጥኑን ወለል እንዳይነካ ይይዘዋል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ አጥንቱ በየትኛው ጎኑ ሳይናወጥ እንደሚያርፍ ይፈለጋል፤ የተጠገነ ስብራት ካለው ክብደቱ እዚያ ላይ እንዳይውል ይደረጋል። ከዚያ ዙሪያው በፎሙ ላይ ይሰመራል፤ መስመሩ የሚሰመረው ግን አጥንቱን በእርሳስ እየነኩ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ተብሎ ነው። በቀጭን ስለት እየተቀረፈ ማረፊያ ይወጣለታል፤ ጥልቀቱ አጥንቱን ወደ ግማሽ ገደማ የሚውጥ ነው። በጣም ከጠለቀ አጥንቱን ለማውጣት በጥፍር መፈልቀቅ ግድ ይሆናል፤ ከጎደለ ደግሞ አጥንቱ ይንከባለላል። በሁለቱም ጎን ጣት የሚገባበት ክፍተት ይቆረጣል። ይህች ክፍተት ትንሽ ትመስላለች፤ ለእኔ ግን የሠሪውን ችሎታ የምትለየው እሷ ናት፤ አጥንቱ በየት በኩል መያዝ እንዳለበት ለማያውቀው እጅ ሁሉ የምታሳየው እሷ ስለሆነች።

የተቆረጠ ፎም ገጹ ሻካራ ነው። ስለዚህ ማረፊያው ታይቬክ በሚባለው ለስላሳ ነጭ ጨርቅ መሰል ነገር ይለበጣል፤ በኮሮና ጊዜ የጤና ባለሙያዎች ሲለብሱት ያየነው መከላከያ ልብስ አንዳንዱ ከዚህ ዓይነት ነገር የተሠራ ነው። ክሩ አይመዘዝም፣ አይቦጭቅም። የልብጡ ጠርዝ በፎሙ ስንጥቅ ውስጥ እየተወተፈ ቢያዝ ይመረጣል፤ ሙጫ በቀነሰ መጠን አሳሳቢው ነገር ይቀንሳልና።

አየሩን ማርጋት ደግሞ የማይታይ ሥራ ነው። እንጨት መጠኑ ከዓይነት ዓይነት ይለያይ እንጂ አሴቲክ አሲድ ይተነፍሳል፤ ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያደርገው አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ሎፍተስ ባይን የሚባል እንግሊዛዊ የዛጎል ክምችቶች ነጭ ዱቄት እያበቀሉ መበላታቸውን ጽፎ ነበር፤ ጥፋተኛው ባክቴሪያ መስሎት ነበር። በኋላ እንደታወቀው አጥፊው ዛጎሉ የተቀመጠበት ያማረው የኦክ እንጨት ቁም ሳጥን ራሱ ነው፤ ከእንጨቱ የወጣው አሲድ ከዛጎሉ ካልሲየም ጋር እየተዋሐደ ጨው ያወጣ ነበር። ኖራማ የሆነ ቅሪተ አካልም ከዚህ አያመልጥም። ተራ ካርቶንም የራሱ አሲድ አለው፤ አሮጌ ጋዜጣን የሚሰባብረው ያው ነው። ሳጥኑ አሲድ ከሌለው ካርቶን፣ ቁም ሳጥኑም ቀለሙ በሙቀት ከተጋገረ ብረት እንዲሆን የሚመከረው ለዚህ ነው።

አንድ ዕቃ ጥሩ ነው ወይስ ጎጂ የሚለውን ለመፈተሽ አንድሩ ኦዲ በብሪቲሽ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1973 ያስተዋወቀው ፈተና እስካሁን ይሠራበታል። የብር፣ የመዳብና የእርሳስ ቁራጮች ከሚመረመረው ዕቃ ናሙናና ከጥቂት ውኃ ጋር በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ ይገቡና በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ለ28 ቀን ይቆያሉ። ከብረቶቹ አንዱ ከጠቆረ ወይም ከዛገ ያ ዕቃ ከቅሪት ጋር አይቀመጥም። ፈተናው ውድ መሣሪያ አለመጠየቁ በጣም ያስደስተኛል፤ ከገበያ የተገኘ ፎምን ወይም ሙጫን በግምት ከመቀበል በአንድ ወር እውነቱን ማወቅ ይቻላል።

እርጥበት ለእኛ ልዩ ጉዳይ ነው። የአፋር ቅሪቶች ከደረቅ በረሃ ወጥተው የሚኖሩት ክረምቱ ጨፍጋጋ፣ በጋው ደረቅ በሆነው አዲስ አበባ ነው። ዋልካ መሬት በክረምት እንዴት እንደሚያብጥ፣ በጋ ሲገባ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ያየ ሰው ጭቃማ አፈር ተጣብቆበት የቀረ ቅሪት ምን እንደሚያገኘው መገመት አያቅተውም። ፓይራይት የሚባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ያለበት ቅሪት ከሆነ ደግሞ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ሲያልፍ መበስበሱ ይፋጠናል፤ ሰልፈሪክ አሲድ ያወጣል፣ ያብጣል፣ ቅሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል፤ መለያ ወረቀቱንም ያቃጥላል። ጥሩ ሳጥን ይህን ሁሉ አያስቀርም፤ ግን ያዘገየዋል። በደንብ የሚገጥም ክዳን የውጪውን ለውጥ ያለዝባል፤ በጫማ ካርቶን ውስጥ በከረጢት የምናገኘው ሲሊካ ጄል ደግሞ በመጠን ከገባ እርጥበቱን ይመጥጣል። ጄሉ ግን ይጠግባል፤ እየታየ ካልደረቀ ወይም ካልተለወጠ ከረጢቱ ጌጥ ነው።

ለዝሆንና ለጉማሬ ዓይነት ትልልቅ አጥንት ፎም ብቻውን አይበቃም። በጀሶና በፋይበርግላስ የተሠራ፣ ውስጡ በስስ ፎም የተለበጠ፣ እንደ ባቄላ እሸት ለሁለት የሚከፈል ቅርፊት ይሠራለታል። ሁለቱ ግማሾች ሲገጠሙ አጥንቱ ሳይነካ መገልበጥ ይቻላል፤ ተመራማሪው የላይኛውን አንስቶ አንዱን ጎን ያያል፣ መልሶ ገጥሞ ይገለብጥና ሌላውን ያያል።

የሁሉም ሳጥን ዓላማ እጅ ከአጥንቱ ጋር የሚገናኝበትን ጊዜ ማሳነስ ነው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 በአሜሪካ በቆየችበት ዘመን ጉዞው ይጎዳታል ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ የስሚዝሶኒያን ሙዚየምም አላስተናገዳትም። በዚያው ጉዞ በ2008 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስቲን የተነሳው የሲቲ ስካን ምስል ደግሞ ዛሬ ብዙ ጥያቄ ሳጥኑ ሳይከፈት እንዲመለስ አስችሏል። ክዳኑ ላይ የሚለጠፍ ፎቶግራፍም በትንሹ ያንኑ ይሠራል።

የሚቀረው ወረቀቱ ነው። መለያ ቁጥሩ በአጥንቱ ላይ፣ በሳጥኑ ላይና በውስጡ ባለው አሲድ አልባ ካርድ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፋል፤ የተገኘበት ቦታና የአፈር ንጣፍ ካልታወቀ አጥንቱ አብዛኛው ዋጋው ይሄዳልና። ማረፊያው በልክ የተቀረፀ መሆኑም እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። መሳቢያው ሲሳብ ባዶ የሆነው ማረፊያ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ቅርፁም የትኛው አጥንት እንደወጣ ይናገራል። አጥንቱን የወሰደው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ትንሽ ካርድ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ካርዱ የሚነሳው አጥንቱ ተመልሶ ሲያርፍ ነው።