አሮጌዋ ቮልስ ለምን ታጨሳለች?

የኩራዝ ክር በጣም ወደ ላይ ሲወጣ ምን ይሆናል? ብርሃኑ አይጨምርም። ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ጣራው ጥላሸት ይለብሳል፤ ጋዙም ቶሎ ያልቃል። ጋዙ በዝቶ አየሩ ካነሰ እሳት በደንብ አይነድም። የመኪና ሞተርም እንደዚሁ ነው።

ቮልስዋገንን ብዙ ሰው ያውቃታል። ጀርባዋ ጎባጣ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ መኪና ነች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የዚህች ዓይነት የመጨረሻዋ መኪና በሜክሲኮ አገር የተሠራችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዛሬም የምትሄድ አለች።

ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅልላት ዕቃ ካርቡሬተር ይባላል። በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ቤንዚን የሚጠራቀምበት ትንሽ ገንዳ አለው። በገንዳው ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና መግቢያውን በመርፌ ይዘጋል፤ ሲጎድል ዝቅ ይልና ይከፍታል። ቤንዚኑ ከገንዳው ወደ አየሩ የሚሄደው በአንዲት የናስ ቡሎን ቀዳዳ በኩል ነው። ቀዳዳዋ የጤፍ ፍሬ ብታክል ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ የተሠራችው ለቆላ አየር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል። በአዲስ አበባ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ቀዳዳዋ ይህን የት ታውቃለች? ለወፍራም አየር የተለካውን ቤንዚን ትሰጣለች። ስለዚህ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መኪናዋ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች። ባለቤቱም ለጭስ ገንዘብ ይከፍላል።

መፍትሔው ቀዳዳዋ ጠበብ ያለ ቡሎን መቀየር ነው። በቡሎኗ ላይ ቁጥር አለ። 125 ካለ የቀዳዳዋ ስፋት 1.25 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ለደጋ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ይፈለጋል። ቁጥሩ ደቃቅ ስለሆነ ናሱ ታጥቦ በፀሐይ ብርሃን ይነበባል። ሳያነብ የሚቀይር መካኒክ በግምት ነው የሚሠራው።

ታዲያ ጠባቧን ያስገባ ሰው ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ ይጠንቀቅ። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል። ቮልስ ደግሞ የምትቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ሙቀቱ ከበዛ ቫልቩ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ መውረዱ ነው። ቆላና ደጋ የሚመላለስ ሰው ሁለቱንም ቡሎኖች ይያዝ።

አሮጌ ካርቡሬተር ሲታደስ ተፈትቶ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ደጅ ይታጠባል። ቀዳዳዎቹ በአየር ይነፋሉ። በሽቦ መጎርጎር ግን ነውር ነው! ናስ ለስላሳ ስለሆነ ሽቦ ያሰፋዋል፤ 125 የሚለው ቁጥርም ውሸት ይሆናል። በእኔ ግምት ብዙ ካርቡሬተር ያበላሸው ዕድሜ ሳይሆን ሽቦ ነው። ተንሳፋፊው ጆሮ አጠገብ ተይዞ ይነቅነቅ። ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተቀዷል። ማሸጊያዎቹም ይቀየራሉ።

በጣም ባረጀው ላይ የአየሩን በር የሚይዘው ዘንግ ይላወሳል። በጎኑ አየር እየሾለከ ይገባል፤ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ይህን መካኒኩ ብቻውን አይወጣውም። ብረት ቀራጭ ዘንድ ተወስዶ የናስ ቀለበት ይገባበታል። ይህን ትቶ ቡሎን ሲያጠብቅና ሲያላላ የሚውል ስንት አለ!

ከወንዝ ውሃ የሚስበው የቤንዚን ሞተርም ካርቡሬተር አለው። ገንዳው፣ ተንሳፋፊው፣ ቀዳዳዋ፣ ሁሉም አሉት። ለክረምት ሲቀመጥ ቤንዚኑ ከገንዳው ይውጣ። ከቆየ እንደ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዋን ይደፍናል። በበጋ ሞተሩ አልነሳም ሲል መጀመሪያ የምትታየው እሷ ነች።