ነጀሽ በስልክ ጨረታ

በአርዲቦ ዳር ዓሣ የሚገዛ ሰው ዓሣውን ገልብጦ፣ ሻጩንም አይቶ ይገዛል፤ በቴሌግራም ጨረታ ተጫራቹ እንኳ አይታይም። ጨረታ በራሱ ሐላል ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአንድን ድሃ አንሷሪ ምንጣፍና መጠጫ አጫርተው በ2 ዲርሀም መሸጣቸውን ቲርሚዚይ ከአነስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ሐራሙ ነጀሽ፣ ማለትም የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ዋጋ ማናር ነው፤ ሻጭ በሌላ አካውንት ራሱ ሲጫረትም ያው ነው። ለተታለለው ገዢ ማሊኪዮች የመመለስ ምርጫ ይሰጡታል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሚዛን የሚደፋው አስተያየት ግን፣ ሳያጣራ የገባው እርሱ ነውና፣ ይነፍገዋል። ስሙን ለውጦ የመጣን ተጫራች ግን ማን ያጣራል? ከመዝሀቡ ሳንወጣም መላ አለ፦ ገዢው በውሉ የ3 ቀን ኺያሩ ሸርጥ ያስይዝ። ቀኑ የሚቆጠረው ከውሉ ጀምሮ ስለሆነ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ሐይቅ ከተማ እስኪደርስ ጊዜው እንዳያልቅበት ይጠንቀቅ።